ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ፦ ያለውን ሞተር ላጠንክረው ወይስ ባለ 20 ቫልቩን ልግጠምበት?

የኮሮላ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ኤኢ101 ናት። ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ፣ 1.6 ሊትር፣ ካምቢዮዋ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል። ከአባቴ የተረከብኳት ስለሆነች ሽጣትና ሌላ ግዛ የሚለውን ምክር ከወዲሁ ተዉልኝ። ቦዲዋ ንጹህ ነው፣ ዝገት የለባትም፣ ዘይትም አትበላም ማለት ይቻላል። የጎደላት ጉልበት ነው።

ችግሩ የሚታየኝ ሰው ጭኜ ዳገት ስወጣ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ስሞክር ትደክማለች፣ ወደ ሁለተኛ ስመልሳት ደግሞ ጩኸቷ ይጨምራል እንጂ ፍጥነቷ አይጨምርም። አንድ ቀን ከባድ መኪና ልቅደም ብዬ ወጥቼ እኩሌታው ላይ ስደርስ ጉልበት አጣሁና ተመልሼ ከኋላው ገባሁ፤ ያን ቀን ነው አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ያልኩት።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ክፍት የአየር ፊልትሮ፣ ሄደር (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ)፣ ሰፋ ያለ ጭስ ማውጫ፣ ቀላል ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት)፣ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ መጨረሻ ላይ የኮምፒውተር ማስተካከያ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ተወውና ባለ 20 ቫልቩን 4ኤ-ጂኢ የሚባለውን የቶዮታ ሞተር ግጠምባት ይለኛል። ሌላው ቱርቦ ነው መፍትሄው ይላል። ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ትልቅ ነገር ወይም ለሦስት ትንንሽ ነገሮች ነው የሚበቃው። ከየትኛው ልጀምር? በእጃችሁ ሠርታችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ቪዲዮ ሳይ ነው የከረምኩት፣ ሁሉም የሚለው ይለያያል።


አሮጌው መካኒክ፦

ልጄ፣ ዝርዝርህን አየሁት። አንድ ነገር ጎድሎታል። ሞተርህ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚነግርህ ልኬት የለም።

4ኤ-ኤፍኢ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደየገበያው ከ100 እስከ 115 ፈረስ ጉልበት ነበረው። ያንተ አሁን ስንት አለው? 95? 85? ይህን ሳታውቅ ሄደር ብትገጥምለት ምናልባት አምስት ፈረስ ታገኛለህ፣ በሌላ በኩል ግን ሃያው ፈስሶ ሊሆን ይችላል። በሥራ ዘመኔ ጉልበት ጨምርልኝ ብለው ከመጡት መኪኖች አብዛኞቹ የጠፋባቸውን ስመልስላቸው ደንበኛው ረክቶ ነው የሄደው።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ሙቅ ይሁን፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የነዳጅና የእሳት መስመሩ ይቋረጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ሰው ገብቶ ነዳጁን እስከ ታች ይርገጥልህ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ አየር መግቢያው ተዘግቶ የተለካ ኮምፕሬሽን ውሸት ነው። ጤነኛ 4ኤ-ኤፍኢ ወደ 13 ባር ይሰጣል። ዝቅተኛው 10 ባር ነው፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከአንድ ባር መብለጥ የለበትም።

ቀጥሎ ታይሚንግ፣ ማለትም እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ። ኮፈኑ ውስጥ ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝና በታይሚንግ መብራት እየው፤ ከላይኛው የፒስተን ነጥብ በፊት 10 ዲግሪ መሆን አለበት። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ተፈቶ ተመልሶ የታሰረ ከሆነ ሰው በጆሮው ነው የሚያስረው። 4 ዲግሪ ላይ የቀረ ሞተር አይጠፋም፣ አያጨስም፣ ዝም ብሎ ይደክማል።

ከዚያ ቫልቭ። የዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው ከላይ በሚቀመጥ ሺም (ስስ ክብ ብረት) ነው። በሃይድሮሊክ የሚሠራ ስለሚመስላቸው የማይነኩት መካኒኮች አሉ። የጭስ ቫልቭ ከወንበሩ ጋር እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሲጠብ ድምፁ ይቀንሳል፣ ባለቤቱም ሞተሬ ፀጥ አለ ብሎ ደስ ይለዋል። ክፍተቱ ጨርሶ ሲጠፋ ቫልቩ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፣ ውሎ አድሮ ጠርዙ ይቃጠላል።

ጭሱን የሚያጠራውን ካታሊስትም እይ። የኦክስጅን ሴንሰሩን ፈትተህ በቀዳዳው የግፊት ጌጅ ግጠም። በደቂቃ በ2500 ዙር ከ0.2 ባር ከበለጠ ታፍኗል ማለት ነው። አራቱንም ጎማ አንስተህ በእጅህ አዙር፣ ፍሬን የሚይዝ ካለ ታገኘዋለህ። ቁጥሮቹን ይዘህ ተመለስና እንነጋገራለን።

ክፍት ፊልትሮውን ግን አሁኑኑ ከዝርዝርህ ሰርዘው። ከፋብሪካ የመጣው ሳጥን አየር የሚስበው ከውጭ ነው። ክፍቱ ከኮፈኑ ሥር፣ ከራዲያተሩ ኋላ ያለውን ሙቅ አየር ነው የሚስበው። 25 ዲግሪ አየር በ60 ዲግሪ ሲተካ ጥግግቱ 10 በመቶ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የሚጨምርልህ ድምፅ ነው፣ ድምፁ ደግሞ ጉልበት ይመስላል።


ስምንት ሺ ዙር፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ ስለ ባለ 20 ቫልቩ ልናገር። በእኔ ኤኢ101 ላይ ከገጠምኩት አራት ዓመት ሆኖታል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የጃፓኑ 4ኤ-ኤፍኢ 115 ፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በ6000 ዙር ነው፣ ከፍተኛ ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) 147 ኒውተን ሜትር በ4800 ዙር። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ባለ 20 ቫልቭ፣ ሲልቨርቶፕ የምንለው፣ 160 ፈረስ ጉልበት በ7400 ዙር፣ ቶርኩ 162 ኒውተን ሜትር በ5200 ዙር። አስተውል፣ የቶርኩ ልዩነት 10 በመቶ ነው፣ የፈረስ ጉልበቱ ልዩነት ግን ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ሁለቱም 1587 ሲሲ ናቸው፣ ፒስተናቸው 81 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 77 ሚሊ ሜትር። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ፈረስ ጉልበት ማለት ቶርክ በዙር ተባዝቶ ለ7024 ሲካፈል ነው። 115ቱን መልሰህ ብታሰላው 4ኤ-ኤፍኢ በ6000 ዙር ላይ ያለው ቶርክ 135 ነው፣ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይወድቃል። ሲልቨርቶፑ በ7400 ዙር እንኳ 152 አለው። ልዩነቱ ይኸው ነው። አንዱ ትንፋሹ ሲያልቅ ሌላው ገና መተንፈሱን አላቆመም።

ይህ ደግሞ ከቴስታታው (ቫልቮቹ ካሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ነው የሚመጣው። 4ኤ-ኤፍኢ ላይ በመግቢያና በጭስ ቫልቮቹ መካከል ያለው ማዕዘን 22.3 ዲግሪ ነው፤ ባለ 16 ቫልቩ 4ኤ-ጂኢ ላይ 50 ዲግሪ ነው። ጠባቡ ለነዳጅ ቁጠባና ለዝቅተኛ ዙር ተብሎ የተሠራ ነው፣ ለዚያ ሥራው ጎበዝ ነው። በዚያ ላይ ቺንጊያው (ቀበቶው) የሚያዞረው አንዱን ካምሻፍት ብቻ ነው፣ ሌላው በጥርስ ከሱ ጋር ተያይዞ ነው የሚዞረው። በ4ኤ-ጂኢ ላይ እንደሚደረገው ሁለቱን ለየብቻ ወደፊትና ወደኋላ ማስኬድ አትችልም። ለ4ኤ-ጂኢ ዕቃ ሠሪዎቹ እነ ቲአርዲና ኤችኬኤስ ብዙ ዓይነት ካም ሠርተዋል። ለኤፍኢ ካም የሚፈልግ ሰው ግን ያለውን አስፈጭቶ ነው የሚያሠራው፣ ያገኘው ጉልበት ደግሞ ላይ ነው፤ ለማግኘት ከታች ይከፍላል። አንተ የተቸገርከው ከታች ነው። ስለዚህ ካሙንም ሰርዘው።

የላይኛውን ዙር ለማግኘት ሞተሩም መቻል አለበት። ከ6000 ወደ 7400 ስትሄድ ፒስተኑና የተያያዘበት ዘንግ፣ ቢየላው፣ የሚጎተቱበት ኃይል በአንድ ተኩል እጥፍ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው። ኤፍኢው ለዚያ ተብሎ አልተሠራም።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ባለ 20 ቫልቩን ስለምወደው ደብቄህ አላልፍም። ከ4000 ዙር በታች ከደህና 4ኤ-ኤፍኢ ብዙም አይሻልም። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ በ2500 ዙር ልውጣ የምትል ከሆነ ይህ ሞተር መልስህ አይደለም። ማርሽ ቀንሰህ፣ ዙሩን ከ5000 በላይ ይዘህ መንዳት የምትወድ ከሆነ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና አትመኝም። ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ የሆኑት አራቱ የአየር ጉሮሮዎች አንድ ላይ ሲከፈቱ የሚሰማው ነገር እኔ እስካሁን አልሰለቸኝም።

ለመግጠም ከወሰንክ ሁለት ዓይነት ነው ያለው። ሲልቨርቶፑ የኮምፕሬሽን ጥምርታው (አየሩን የሚጨምቅበት እጥፍ) 10.5 ለ1 ነው፣ የአየር መለኪያው ፍላፕ አለው። በ1995 የመጣው ብላክቶፕ 11 ለ1 ነው፣ 165 ፈረስ በ7800 ዙር፣ አየሩን የሚለካው በግፊት ሴንሰር ነው፣ ቢየላዎቹም ቀለል ያሉ ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት ለጃፓን ባለ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን ነው። ተራ ቤንዚን ብትሞላበት በጭነትና በዳገት ላይ ማንኳኳት (ነዳጁ ያለጊዜው መቃጠል) ይጀምራል፣ ታይሚንጉን ወደኋላ ስትመልሰው ደግሞ የከፈልክበትን ጉልበት መልሰህ ትሰጣለህ። የሞተር ቁጥር ስለሚቀየር የምዝገባውንም ሕግ ቀድመህ ጠይቅ።

የምትገዛው ሞተር ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሙሉ ሽቦው፣ ከተቻለ ከነካምቢዮው ይሁን። ሽቦው ተቆርጦ የመጣ ሞተር አትንካ። እኔ ብዙ ያልሄደ ነው ተብዬ የገዛሁት ሞተር በሁለተኛው ወር የዘይት ግፊቱ ወረደ፣ ሲከፈት ኩሽኔታዎቹ አልቀው ኮሎውን (ዋናውን የሞተር ዘንግ) ጭረውታል። ሞተሩን እንደገና አወረድኩት፣ ሁለተኛ ከፈልኩ። የእነዚህ ሞተሮች ትንሹ እንኳ ከሃያ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ የውሃ ፓምፕና የዘይት ማኅተሞች ሳይቀየሩ ወደ መኪናው አይግባ። የእነዚህን ወጪ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ደምረህ ነው በቂ ገንዘብ አለኝ ወይ ብለህ የምትጠይቀው።


የኮሮላ ልጅ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ አስለካሁ። ውጤቱ ግን አስደነገጠኝ። አንደኛ 10.2፣ ሁለተኛ 10.1፣ ሦስተኛ 10.3፣ አራተኛ 8.4። ነዳጁ እስከ ታች ተረግጦ ነው የተለካው፣ ሞተሩም ሙቅ ነበር። የለካው ልጅ ሞተሩ በሙሉ አልቋል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየር፣ ይውረድ ነው ያለኝ። ታይሚንጉ 5 ዲግሪ ላይ ነው የተገኘው። ካታሊስቱ ደህና ነው፣ ፍሬኑም አይዝም።

ይህን ካየሁ በኋላ እንግዲህ ሞተሩን አውርጄ ከማሠራ ባለ 20 ቫልቩን ብገዛ አይሻልም ወይ እያልኩ ነው።


አሮጌው መካኒክ፦

ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። የለካህበት ቦታ ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ከፍ ይላል?


የኮሮላ ልጅ፦

ወደ 2000 ሜትር። ምን አገናኘው ጋሼ?


አሮጌው መካኒክ፦

ብዙ ነገር ያገናኘዋል። መጽሐፉ ላይ ያለው 13 ባር ለባሕር ወለል አየር ነው። በ2000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፣ ያገኘው ቀጭን ከሆነ ጌጁም ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። 13 ባር እዚያ 10.2 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲሊንደርህ እንደ አዲስ ናቸው። ፋሻ ቀይር ያለህ ልጅ ይህን አላሰበም፣ ብዙ ሰው ነው የማያስበው።

አራተኛው ግን በእውነት ታሟል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና እንደገና ለካ። ወደ ሌሎቹ ከተጠጋ ፋሻ ነው። ከ8.4 ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው። ቫልቭ ከሆነ ክዳኑን አንስተህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የአራተኛውን የጭስ ቫልቮች ክፍተት በስስ መለኪያ እየው።

አንድ ነገር ጨምረህ ያዝ። ያው ቀጭን አየር ጉልበትህንም ይወስዳል። 115 ፈረሱ እዚያ ከፍታ ላይ በጤነኛ ሞተር እንኳ 90 ገደማ ነው። አራተኛው እየለገመ፣ እሳቱ በ5 ዲግሪ እየዘገየ ከሆነ ዳገቱ ላይ መድከሟ አይገርምም።


ሙሉ ግፊት፦

ከፍታው ከተነሳ እኔም ልግባ። ትንፋሽ ለሚያሳጥር ከፍታ መድኃኒቱ ቱርቦ ነው፣ ይህን ማንም አይክድም። ቀጭኑን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ በ2000 ሜትር የጠፋውን በ0.3 ባር ግፊት መመለስ ይቻላል፣ ከዚያ በላይ የምትጨምረው ትርፍ ነው። ቶርኩም የሚመጣው ከታች ነው፣ ልክ አንተ በፈለግኸው ቦታ። 9.5 ለ1 የኮምፕሬሽን ጥምርታ ላለው ሞተር ዝቅተኛ ግፊት ይቻላል።

ግን እኔ የሆንኩትን ስማ። በእኔ 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ቱርቦውን ገጠምኩ፣ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ገጠምኩ፣ ነዳጁን ግን ቤንዚን በሚረጨው በድሮው ኢንጄክተርና በድሮው ኮምፒውተር ተውኩት። የነዳጅ ግፊቱን ከፍ ካደረግኩ ይበቃል ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት እንደ ንጉሥ ነዳሁ። ከዚያ ረጅም ዳገት ላይ፣ ሙሉ በሙሉ ረግጬ፣ ከኋላ ነጭ ጭስ አየሁ። የሦስተኛው ፒስተን ጠርዝ ቀልጦ ነበር።

ምክንያቱ ነዳጅ አንሶት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ በአንድ ክፍል ቤንዚን 13 ክፍል ያህል አየር ይፈልጋል። በቱርቦ ደግሞ 11.5 እስከ 12 ድረስ መወፈር አለበት፣ ትርፉ ቤንዚን የቃጠሎውን ክፍል ያቀዘቅዛል። የፋብሪካው ኦክስጅን ሴንሰር የሚያውቀው 14.7ን ብቻ ነው፣ ከዚያ ወፈረ ወይ ቀጠነ ከማለት ያለፈ ልክ አይነግርህም። ትክክለኛውን የአየርና የቤንዚን ልክ የሚያነበውን ዋይድባንድ ሴንሰር ያልገጠመ ሰው ቱርቦ መግጠም የለበትም። እኔ አሁን ትልልቅ ኢንጄክተር፣ የሚስተካከል ኮምፒውተርና ዋይድባንድ አለኝ፣ ሦስት ዓመት ሰላም ነው። የእነዚህ ሦስቱ ወጪ ግን ከቱርቦው ራሱ በለጠ። ለአንድ ትልቅ ነገር ነው የሚበቃኝ ያልከው ገንዘብ ለቱርቦ አንድ ሳይሆን አራት ትልልቅ ነገሮችን መክፈል አለበት። ግማሹን ሠርተህ ግማሹን በኋላ የምትለው ሥራ አይደለም።


ሦስተኛ ማርሽ፦

ሰላም ወንድሜ። ሁሉም ስለ ሞተሩ ተናገረ፣ እኔ ከሞተሩ እስከ አስፋልቱ ስላለው ልጠይቅህ። የገጠምከው ጎማ መጠኑ ስንት ነው? የሾፌር በር ላይ ያለው ተለጣፊስ ምን ይላል?


የኮሮላ ልጅ፦

ተለጣፊው 175/65 አር14 ይላል። እኔ ያለኝ 195/60 አር15 ነው እህቴ፣ ቸርኬውም አሉሚኒየም ነው፣ ስገዛው ያማረ መስሎኝ ነው። ችግር አለው?


ሦስተኛ ማርሽ፦

አለው። 175/65 አር14 ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያንተ 615። 5.5 በመቶ ይበልጣል። ጎማ ሲያድግ ሁሉም ማርሽ ይረዝማል፣ መኪናህ ሳታውቀው ለእያንዳንዱ ማርሽ ትንሽ ከፍ ያለ ማርሽ እየተጠቀመች ነው። ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በ5 በመቶ ቀንሷል። በፈረስ ጉልበት ብታስበው ከአንድ ሄደር ጋር እኩል ነው፣ እና አሁን በነጻ እያጣኸው ነው። የፍጥነት መለኪያህም ከእውነተኛው በታች ነው የሚያነበው፣ ይህንንም ልብ በል። አሉሚኒየሙን ከወደድከው 185/55 አር15 ግጠምበት፣ ቁመቱ 584 አካባቢ ነው፣ ከተለጣፊው ጋር እኩል ማለት ይቻላል።

ይህ ነገር ወደ ሌላው ጫፍም ይሠራል። የካምቢዮው የመጨረሻ ጥርስ (ዙሩን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የመጨረሻው የጥርስ ጥምርታ) 3.9 ከሆነና በ4.3 ብትቀይረው በሁሉም ማርሽ ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ጎማው ላይ ታገኛለህ። ሞተሩን አልነካህም፣ ቤንዚኑን አልቀየርክም፣ ምንም ነገር አታቀልጥም። የምትከፍለው ረጅም መንገድ ላይ ነው፣ በ3000 ዙር ትሄድ የነበረበት ፍጥነት 3300 ይፈልጋል፣ ድምፁም ነዳጁም ትንሽ ይጨምራል። የኤ ተከታታይ ሞተር ካምቢዮዎች የተለያየ የመጨረሻ ጥርስ ይዘው ስለመጡ ከመግዛትህ በፊት ያንተን ቁጥር አረጋግጥ።

ክብደትም አለ። 1050 ኪሎ የምትመዝን መኪና 80 ኪሎ ብትቀንስላት 9 ፈረስ ጉልበት እንደጨመርክላት ነው። የኋላ ሳጥኑ ውስጥ ዓመት ሙሉ የሚዞረውን ዕቃ አውጣ። እኔ ከራሴ መኪና ያወጣሁት ድምፅ ማጉያ ብቻውን ከነሳጥኑ 34 ኪሎ ነበር፣ ሚዛን ላይ አድርጌ ነው የምነግርህ።

ቀላል ቮላኖውን ግን ለጊዜው ተወው። የሚሰማህ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ቶሎ ዙር ሲይዝ ነው። በረጅም ዳገት ላይ በእኩል ፍጥነት ስትወጣ ምንም አይጨምርልህም፣ ከቆመ መነሳትን ያከብደዋል። እና ባለ 20 ቫልቩንም ሆነ ቱርቦውን ከመረጥክ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ። ዳገት የወጣ መኪና ይወርዳል።


የኮሮላ ልጅ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ጋሼ፣ ዘይት ጨምረን አራተኛውን ስንለካው 8.5 ሆነ፣ ማለትም አልተነቃነቀም። ክዳኑ ሲነሳ ከአራተኛው የጭስ ቫልቮች በአንዱ ላይ የመጨረሻው ቀጭን መለኪያ እንኳ አልገባም፣ ክፍተቱ ጨርሶ ጠፍቷል። እርስዎ እንዳሉት ሞተሩ ፀጥ ያለ ነበር፣ እኔም በዚያ ደስ ይለኝ ነበር። መካኒኩ በአራቱም ሲሊንደር ላይ ሺሞቹን ለካና ስድስቱን ቀየረ። ጠርዙ ገና አልተቃጠለም ነበር፣ ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ስንለካው 9.9 ሰጠ። ታይሚንጉ 10 ዲግሪ ላይ ታሰረ። ጎማውን በ185/55 ቀየርኩ፣ ከኋላ ሳጥን ብዙ ነገር ወጣ።

ስሜቴን ስላላመንኩት ለካሁት። በአንድ ደልዳላ መንገድ፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ከ40 እስከ 80፣ በስልኬ ጂፒኤስ። ከሥራው በፊት 11.8 ሰከንድ ነበር። አሁን 9.9 ነው። ሄደር የለ፣ ካም የለ፣ ከፋብሪካው የተለየ አንድ ዕቃ አልተገጠመም። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሦስት ሰው ጭኜ ወጣሁት፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ደክማለች እንጂ ማርሽ አልቀነስኩም።

ከገንዘቤ ብዙው እጄ ላይ ነው። ባለ 20 ቫልቩን ትቼዋለሁ፣ እንዳሰብኩት የምነዳው ከ4000 በታች ነው። ቱርቦውንም በግማሽ አልገባበትም። የመጨረሻውን ጥርስ ካምቢዮው ላይ አይተን 3.9 አካባቢ ሆኖ ስላገኘነው 4.3 ያለው እየፈለግኩ ነው፣ ከሱ ጋር ፍሪሲዮኑንም አንድ ላይ እቀይራለሁ። ከዚያ ሄደር። ባለ 4-2-1ው ወይስ ባለ 4-1ው ነው የሚሻለኝ?


ስምንት ሺ ዙር፦

ላንተ 4-2-1። የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው፣ ስለዚህ አንደኛና አራተኛው፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ተጣምረው ሁለት ይሆናሉ፣ ከዚያ አንድ። የመካከለኛውን ዙር ቶርክ ነው የሚያሰፋው። 4-1 ላይኛው ዙር ላይ ነው የሚጠቅመው፣ እሱ ለእኔ ዓይነቱ ነው። ከሄደሩ ቀጥሎ ያለው ቱቦ 50 ሚሊ ሜትር ይበቃሃል፣ ለዚህ ሞተር ከዚያ በላይ ማስፋት ጩኸት ብቻ ነው።


አሮጌው መካኒክ፦

ጎበዝ ልጄ፣ ለክተህ መመለስህ ደስ አሰኘኝ። ሄደሩን ስትገዛ የኦክስጅን ሴንሰሩ ቀዳዳ ከመገጣጠሚያው በኋላ፣ የአራቱም ጭስ የሚያልፍበት ቦታ ላይ መሆኑን እይ። በአንዱ ቱቦ ላይ ብቻ የተበሳ ከሆነ ኮምፒውተሩ የአንድ ሲሊንደርን ጭስ እያነበበ ለአራቱም ይፈርዳል። የሄደሩን ብሎኖች ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው። የአራተኛውን ቫልቭ ክፍተት ደግሞ 5000 ኪሎ ሜትር ስትሄድ እንደገና አስለካው፤ አንዴ የጠበበ ወንበር እንደገና ሊጠብ ይችላል። የቀየራችኋቸውን ሺሞች ውፍረት ጽፈህ ያዝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ክዳኑ ሲነሳ ምን እንደሚያስፈልግህ ከወዲሁ ታውቃለህ።